ካፒቴኑ «ይውረድ» ሲል ፖሊስ ለምን ያስራል?

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ
ለአማራ ክልል ፖሊስ ኮሚሽን

ጉዳዩ፦ መሬት ላይ ባለ አውሮፕላን ውስጥ የጸጥታ ችግር ሲፈጠር የዋና አብራሪው ሥልጣን እስከ የት እንደሚደርስ፣ የፖሊስ ሥልጣንም ከየት እንደሚነሣ በግልጽ ተጽፎ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

እኛ የወሎ ሰዎች በአየር ስንሄድ የምንነሣው ወይ ከኮምቦልቻ ወይ ከላሊበላ ነው። ሁለቱም ትንንሽ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ናቸው፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተጎድተው፣ ተጠግነው እንደገና የተከፈቱ ናቸው። ተሳፋሪው ከተርሚናሉ ወጥቶ በእግሩ ወደ አውሮፕላኑ ይሄዳል። ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው400 ከሆነ የሚወጣባት አጭር መሰላል ራሷ በሩ ናት፤ የመጨረሻው ሰው ሲገባ ታጥፋ ትዘጋለች። በሕግ ዓይን ብዙ ነገር የሚለወጠው በሩ በተዘጋበት ቅጽበት ነው። ከሚሳፈረው፣ ከሚያሳፍረውና መሣሪያ ይዞ ከሚጠብቀው መካከል ይህን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። አውሮፕላን መሬት ላይ ሳለ ጠብ፣ ዛቻ፣ የቦምብ ወሬ ወይም ጠለፋ ሲነሣ ካፒቴኑ ምን ማዘዝ እንደሚችል፣ ፖሊስ ምን ማዘዝ እንደሚችል፣ አንዱ ለሌላው ሰው ሲያስረክብ ምን መጻፍ እንዳለበት፣ የኮምቦልቻ ኮንስታብልም የሐይቅ ገበሬም አንብቦ በሚረዳው አማርኛ አውጡት። መመሪያው በመሳቢያችሁ ካለ መሳቢያውን ክፈቱት። ከሌለ ጻፉት።

ደሴ ላይ በጥብቅና ሥራ ስኖር ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት እምነት እሰማለሁ። አንዱ ካፒቴን በአውሮፕላኑ ውስጥ እንደ ንጉሥ ነው፣ ያለው ሁሉ ሕግ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ፖሊስ እግሩን ካስገባ የካፒቴኑ ነገር አበቃ፣ ከዚያ በኋላ እሱም እንደ ማንኛውም ሰው ዳር ይቁም ይላል። የመጀመሪያውን አብዝተው የሚያምኑት፣ የሚገርመው፣ ፖሊሶች ናቸው። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ሰው ያስራል ወይም ሰው ያስገድላል።

መነሻችን ዓለም አቀፉ ሕግ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አባሪ 2፣ ዋና አብራሪው በአዛዥነት ላይ እስካለ ድረስ በአውሮፕላኑ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው ይላል። አባሪ 6 በሮቹ ከተዘጉ በኋላ ለሠራተኞቹ፣ ለተሳፋሪዎቹና ለጭነቱ ደህንነት ኃላፊነቱን በእሱ ላይ ይጥላል። ይህ ትልቅ ሥልጣን ነው፤ መሆንም አለበት። ነገር ግን የተሰጠው ስለ አውሮፕላኑ ነው እንጂ ስለ ሰው ነጻነት አይደለም። ካፒቴን መርማሪ አይደለም፤ የእስር ማዘዣ የሚያወጣ ዳኛም አይደለም።

ካፒቴን በሰው ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል አብራርቶ የጻፈው ኢትዮጵያም የተቀበለችው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቶኪዮ ስምምነት ነው። ለካፒቴኑ ሥልጣን ሲባል በረራ የሚጀምረው ተሳፋሪው ገብቶ የውጭ በሮች ሁሉ ሲዘጉ ነው፤ የሚያበቃውም ለመውረጃ አንዱ በር ሲከፈት ነው። ተሽከርካሪ ጎማው አንድ ሜትር ባይንቀሳቀስም በሩ ከተዘጋ በረራ ላይ ነን ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካፒቴኑ ለአውሮፕላኑና በውስጡ ላሉት ደህንነት፣ ለሥርዓትም ሲል አስፈላጊና ምክንያታዊ እርምጃ ይወስዳል፤ ሰው እስከ ማሰር ድረስም ይሄዳል። ሠራተኞቹን እርዱኝ ብሎ ያዛል፤ ተሳፋሪውን ግን ይጠይቃል እንጂ አያስገድድም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት አንቀጾች ለየብቻ እንድታነቧቸው እለምናችኋለሁ። በአንቀጽ 8 መሠረት ካፒቴኑ ለደህንነት ወይም ለሥርዓት ሲል አንድን ሰው ከአውሮፕላኑ ሊያወርድ ይችላል፤ ያወረደበትንም ምክንያት ላወረደበት አገር ባለሥልጣናት ማስታወቅ አለበት። በአንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ ከባድ ወንጀል ፈጽሟል ብሎ በበቂ ምክንያት የሚያምነውን ሰው ለባለሥልጣናት ሊያስረክብ ይችላል፤ ሲያስረክብም በእጁ ያለውን ማስረጃና መረጃ አብሮ መስጠት አለበት። አንዱ ውረድ ነው፤ ሌላው ተከሰስ ነው። የወረደ ሰው ሻንጣውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተላልፎ የተሰጠ ሰው መርማሪ ፊት ይቀርባል። በእኛ ማረፊያዎች እነዚህ ሁለቱ ተደባልቀው አንድ ሆነዋል።

አንድ ጉዳይ ላንሣ። ባለጉዳዬ ፈቅዶልኛል፤ ቦታውንም፣ አጓጓዡንም፣ ጣቢያውንም ግን አልጠራም። ክርክሬ ከአሠራሩ ጋር ነው እንጂ ከአንድ ተረኛ ጋር አይደለም። ሰውየው ነጋዴ ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸውን እናቱን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይዞ ተሳፈረ። የእጅ ቦርሳቸው ከመቀመጫው በላይ ካለው መደርደሪያ አልገባ ሲል አስተናጋጇ ወደ ጭነት ክፍል ይውረድ አለች። ቦርሳው ውስጥ የእናቱ ኢንሱሊን ነበር። ይበላሻል፣ ወይም ይጠፋል ብሎ ፈራና እምቢ አለ፤ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ምናልባትም ከሚገባው በላይ። በሩ ገና አልተዘጋም። ካፒቴኑ ነገሩን ሰምቶ ይህ ሰው አይበርም አለ። ሁለት ፖሊሶች መጥተው አወረዱት። እናትየው ከላይ ቀሩ፤ አውሮፕላኑም ኢንሱሊናቸውን ሳይሆን እሳቸውን ይዞ ሄደ።

ካፒቴኑን በማውረዱ አልከሰውም። ከፊቱ የነበረው ጠብ ወደ ሰማይ ይዞት የሚወጣው ጠብ ነው፤ አየር ላይ ከተባባሰ ፖሊስ አይጠራም። አስቸጋሪ የመሰለውን ሰው መሬት ላይ መተው አለመተው የእሱ ውሳኔ ነው። አስተናጋጇ ስለ መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ያ ግን የትሕትና ጉዳይ ነው እንጂ የሥልጣን አይደለም።

ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰውየው ወደ ተርሚናል ሳይሆን ወደ ጣቢያ ተወሰደና እዚያው አደረ። በማግስቱ ሄጄ መዝገቡን ሳየው፣ የተያዘበት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ በካፒቴኑ ትእዛዝ የሚል ብቻ ተጽፏል። የምስክር ቃል የለም፤ የወንጀል አንቀጽም የለም። ተረኛውን ሰውየው ምን አጠፋ ብዬ ብጠይቀው፣ በቅንነት፣ እሱ እንደማያውቅ፣ የሚያውቀው ካፒቴኑ እንደሆነ ነገረኝ። ካፒቴኑ በዚያ ሰዓት ሰማይ ላይ ነበር። ያሰረው ምክንያቱን አያውቅም፤ ምክንያቱን የሚያውቀው አላሰረም። ከሰዓት በኋላ ያለ ክስ ተለቀቀ። ይቅርታ የጠየቀው የለም፤ ማንስ ይጠይቀው? ፖሊስ ታዝዤ ነው ይላል፤ አጓጓዡ እኛ አላሰርንም ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከደሴ አዲስ አበባ የሚሄድ የአውቶቡስ ሹፌር ረብሻ ያነሣን ተሳፋሪ ካራቆሬ ላይ ሊያወርደው ይችላል። የካራቆሬ ፖሊስ ግን ሹፌሩ አወረደው ብሎ ብቻ ሰው አያስርም፤ ምን አደረገ ብሎ ይጠይቃል። አውሮፕላን ሲሆን ይህ ጥያቄ ከአፋችን ለምን ይጠፋል?

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 51 ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሰው የሚይዝባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። ዋነኛው ከአንድ ዓመት በማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ሊፈጽም መሆኑን ፖሊሱ በበቂ ምክንያት ሲጠረጥር ነው። የሚጠረጥረው ፖሊሱ ራሱ ነው። ጥርጣሬን ከካፒቴን መበደር አይቻልም። ካፒቴኑ ያየውን ሊነግረው ይችላል፤ ያ መረጃ ነው፤ መረጃውን መዝኖ ያዝ ወይም ልቀቅ የሚለው ግን የፖሊሱ ኃላፊነት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። በካፒቴኑ ትእዛዝ የሚል ምክንያት በየትኛውም ቋንቋ ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። የቶኪዮን ስምምነት ጠቅሰው የሚከራከሩኝ የሥራ ባልደረቦቼ አንቀጽ 5ን ሲያነቡ ይደነግጣሉ። ስለ ካፒቴኑ ሥልጣን የሚናገረው ምዕራፍ የሚሠራው በረራው ከአገር ወደ አገር ሲሆን ነው። አውሮፕላኑ በተመዘገበበት አገር ተነሥቶ እዚያው አገር የሚያርፍ ከሆነ ምዕራፉ አይመለከተውም። ከጅዳ የምትመለስ የወረባቦ ወይም የቃሉ ልጅ እናስብ፤ እንዲህ ያሉ ልጆች በየቤታችን አሉ። ከጅዳ እስከ ቦሌ ባለው መንገድ ካፒቴኑ ሊያደርግባት የሚችለውና የማይችለው በቶኪዮ ስምምነት ተጽፏል። ቦሌ ወርዳ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደውን ስትሳፈር ያ ከለላ ከኋላዋ ይቀራል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ፓስፖርት፣ በዚያው ሻንጣ ሌላ ሕግ ውስጥ ገባች። ካፒቴኑም እንዲሁ ነው፤ በምክንያታዊነት ለሠራው ሥራ በአንቀጽ 10 የሚያገኘው ከተጠያቂነት ነጻ የመሆን መብት በዚህ በረራ ላይ የለም።

ስለዚህ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ሥልጣኑም ገደቡም የሚቀዳው ከራሳችን አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ነው። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ የምንበረው ሁሉ የምንተዳደረው እናንተ በጻፋችሁት ነው። ጽሑፉ ይታይልን የምለው ለዚህ ነው። የቶኪዮን ስምምነት ማንም ሰው ከኢንተርኔት ያገኘዋል፤ በኮምቦልቻ ማረፊያ የሚሠራበትን የሥራ መመሪያ ግን እኔ ጠበቃው እንኳ በእጄ ይዤ ዳኛ ፊት ማቅረብ አልቻልኩም።

በውጭ አገር ፍርድ ቤቶች ይህ ጉዳይ ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከቫንኩቨር ወደ ላስ ቬጋስ ይበር የነበረ የአላስካ አየር መንገድ ካፒቴን ከአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ጋር በተነሣ ጭቅጭቅ ምክንያት ሬኖ ላይ አርፎ ግብጻውያን ተሳፋሪዎቹን ለፖሊስ አስረከበ። የሕግ አስከባሪዎቹ ጠይቀዋቸው ጥፋት አላገኙባቸውም። ካፒቴኑ ግን መልሶ አላሳፍርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የዘጠነኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የቶኪዮ ስምምነት ካፒቴኑን የሚጠብቀው በምክንያታዊነት ከሠራ ብቻ መሆኑን፣ ምክንያታዊ መሆን አለመሆኑንም ማስረጃ ሰምቶ መወሰን እንደሚቻል ፈረደ። ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ቀላል ነው፦ ፖሊሱ የካፒቴኑን ቃል ሰምቶ የራሱን ምርመራ አደረገ፤ ለቀቃቸውም። ካፒቴኑም የፖሊሱን መልቀቅ ሰምቶ ስለ አውሮፕላኑ የራሱን ውሳኔ ወሰነ፤ ለውሳኔውም ፍርድ ቤት ተጠየቀበት። እያንዳንዱ በየድርሻው ነው።

ጠለፋ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ የፖሊስ አዛዦች በትዕግሥት እንዲያነቡኝ እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1971 ከናሽቪል የተነሣች ትንሽ የኪራይ አውሮፕላን ተጠልፋ ነዳጅ ለመቅዳት ፍሎሪዳ ውስጥ ጃክሰንቪል አረፈች። አብራሪው ጠላፊው ፈንጂ እንደያዘ በሬዲዮ ተናግሮ ወደ አውሮፕላኗ እንዳይጠጉ ተማጸነ፤ ነዳጅም ጠየቀ። የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ሰዎች ግን አውሮፕላኗ እንዳትነሣ ቆርጠው ነበር። ስለ ነዳጁ ሊነጋገሩ የወረዱትን ይዘው አስቀሩ፤ ቀጥሎም ጎማዋንና ሞተሯን በጥይት መቱ። ጠላፊው ሚስቱን፣ አብራሪውን፣ ከዚያም ራሱን ገደለ። የዳውንስ ጉዳይ እየተባለ በሚጠቀሰው በዚህ ክርክር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 የመንግሥት ሰዎቹ በቸልተኝነት እንደሠሩ ፈረደ። ነገሩ በንግግር እየረገበ ሊሄድ ሲችል፣ ውስጥ ያለው አብራሪም እየለመነ ሳለ ወደ ጠመንጃ መሄዳቸው ነው ያስፈረደባቸው።

በተቃራኒው ደግሞ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1999 ከካትማንዱ ወደ ዴልሂ ሲሄድ የተጠለፈው የሕንድ አውሮፕላን ነዳጅ ሊቀዳ ሕንድ ውስጥ አምሪትሳር አርፎ ለሦስት ሩብ ሰዓት ያህል መሬት ላይ ቆይቷል። ፖሊስና ባለሥልጣናት ማን ይወስን በሚል ሲዋልሉ፣ መንገድ ትዝጋ የተባለችው የነዳጅ ቦቴም ስታመነታ፣ ጠላፊዎቹ ተጠራጥረው ካፒቴኑን ያለ ፈቃድ እንዲነሣ አስገደዱት። ጉዞው አፍጋኒስታን ውስጥ ካንዳሃር ላይ እስኪያበቃ ቀናት ወሰደ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። የቺካጎው ስምምነት አባሪ 17 የተጠለፈ አውሮፕላን ካረፈ በኋላ የሰው ሕይወት ለማዳን ሲባል ካልሆነ በስተቀር እንዳይነሣ መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ ይጠይቃል። ማገድ የመንግሥት ሥልጣን ነው ማለት ነው፤ በዚህ ካፒቴኑ አይበልጠውም። እንዴት እንደሚታገድ ሲወሰን ግን አንገቱ ላይ ቢላዋ የተደገነበትን ሰው ቃል አለመስማት ጃክሰንቪልን መድገም ነው፤ የሚወስነውን ሰው አስቀድሞ አለመሰየም ደግሞ አምሪትሳርን መድገም ነው።

የእኛ ማረፊያ ባለ አንድ ማኮብኮቢያ ነው። የታገደ አውሮፕላን መሐል ላይ ከቆመ ኮምቦልቻ በሙሉ ተዘጋ ማለት ነው፤ የቀረው ተሳፋሪም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ሊሄድ ነው። ስለዚህ በዚያች ሰዓት የሚወስነው ሰው ማን እንደሆነ፣ ስልኩ ካልተነሣስ ቀጥሎ ማን እንደሚወስን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ተረኛው ኢንስፔክተር ነው? አዲስ አበባ ያለው ኮሚቴ ነው? የመቆጣጠሪያ ማማው ባለሙያ ትእዛዝ የሚቀበለው ከማን ነው?

ደሴ ላይ ስለ አውሮፕላንና ስለ መሣሪያ ሲነሣ ትልልቆቹ የወሎውን ልጅ ዋለልኝ መኮንንን ማስታወሳቸው አይቀርም። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ለጠለፋ ሲነሡ፣ በካቢኑ ውስጥ የነበሩ ታጣቂ ጠባቂዎች ተኩሰው እሱንና አብዛኞቹን ጓደኞቹን ገደሉ፤ ቦምብም ፈነዳ፤ አብራሪው የተጎዳውን አውሮፕላን መልሶ አሳረፈ። ስለ ዋለልኝ ያለን አስተያየት የተለያየ ነው፤ እሱን እዚህ አላነሣም። የማነሣው ታጥቆ ስለሚሳፈር ሰው ነው። በአባሪ 17 መሠረት መሣሪያ የያዘ ሰው የሚሳፈረው በልዩ ፈቃድ ነው፤ ስንት እንደሆኑና የት እንደተቀመጡም ካፒቴኑ ማወቅ አለበት። እስረኛ አጅቦ የሚሄድ ፖሊስ ካለም አስቀድሞ ለካፒቴኑ ይነገረዋል። ከእኛ ከተሞች ተጠርጣሪ አጅቦ አዲስ አበባ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። አጃቢው ሳጅን ይህን የሚያደርገው ለይሉኝታ ብሎ ሳይሆን ግዴታው ስለሆነ መሆኑን ማን ነግሮታል?

የቦምብ ወሬም አለ። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ፈንጂ አለ ካለ፣ አባሪ 14 እንደሚለው አውሮፕላኑ ከሌሎች ማቆሚያዎች፣ ከሕንጻና ሰው ከሚበዛበት ስፍራ ቢያንስ 100 ሜትር ወደ ራቀ ማቆሚያ ይወሰዳል። ተሳፋሪውን አሁኑኑ ላውጣ ወይስ መሰላል እስኪመጣ ልጠብቅ የሚለው በሩ እስከተዘጋ ድረስ የካፒቴኑ ነው። ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሚፈተኑት ግማሽ በሮቻቸው ብቻ ተከፍተው ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ እንዲወጣ ነው። በዚያች ደቂቃ ተኩል ውስጥ ውጭ የቆመ ፖሊስ ማንም እንዳይወርድ፣ ሁሉም ሊጠየቅ ነው ብሎ መሣሪያ ቢያነሣ ምን ይሆናል? ተሳፋሪው እግሩ መሬት ከነካ በኋላ የት ይሰብሰብ፣ ማን ይፈተሽ፣ ማን ይጠየቅ የሚለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ የፖሊስ ነው፤ እዚያ ላይ ካፒቴኑ አዛዥ አይደለም፤ ምስክር ነው።

የተዘጋ በር አውሮፕላኑን ኤምባሲ አያደርገውም። ፖሊስ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ያለው ሥልጣን መሰላሏ ስትታጠፍ አይታጠፍም። የፍርድ ቤት ማዘዣ የያዘ መርማሪ ተጠርጣሪው ተሳፍሯል ካለ ካፒቴኑ በሩን ከፍቶ ሊያስረክብ ይገባል፤ ልነሣ ነው፣ ሰዓቴ አለፈ ማለት አይችልም። ፖሊስም ቢሆን ሕይወት ለማዳን ካልሆነ በስተቀር ሳያስታውቅ በሩን አስገድዶ መግባት፣ ሞተሩ እየሠራ ወደ ፕሮፔለሩ ሰው መላክ የለበትም። ሁለቱ የሚገናኙበት መንገድ የማማው ሬዲዮ ነው። ይህንን ቢያንስ በልምምድ ሊያውቁት ይገባል።

ደግሞ የትኛው ፖሊስ? ከፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988 ጀምሮ የአቪዬሽን ደህንነት ወንጀሎች የፌዴራል ጉዳይ ናቸው። ተሳፋሪን የሚቀበለው የከተማ ጣቢያ ግን የክልል ነው። የተያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ የትኛው ችሎት ይቅረብ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን በውክልና ለክልል ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ሰጥቷል። ጣቢያው ይህን ሳያውቅ ሰውየውን ወደ ቅርቡ ወረዳ ፍርድ ቤት ቢወስደው፣ ዳኛው ሥልጣን የለኝም ብሎ ቢመልሰው፣ መሐል ላይ ቅዳሜና እሑድ ቢገባበት፣ ቦርሳ አላስረክብም ያለ ነጋዴ ስንት ቀን ሊታሰር እንደሚችል እናንተው አስቡት። በሕግ አምላክ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዳንድ የደህንነት ባለሙያዎች ይህን በአደባባይ መጻፍ ለወንጀለኛ መንገድ ማሳየት ነው ሲሉ እሰማለሁ። የጠለፋ ጊዜ ስልታችሁን አልጠየቅኩም፤ ምሥጢር ይሁን። ያለ ምክንያት አለመታሰር ግን የጸጥታ ምሥጢር አይደለም። አብራሪዎችም ወረቀት በረራ ያዘገያል ይሉኛል። እኔ የምጠይቀው የአንድ ገጽ ቅጽ ነው፦ ሰውየው ሲወርድ በሩ ክፍት ነበር ወይስ ተዘግቶ ነበር፤ ሰዓቱ ስንት ነበር፤ ካፒቴኑ የወሰነው ማውረድ ነው ወይስ ማስረከብ፤ ምን አየ፣ ማንስ አየ። ማውረድ ከሆነ ሁለት መስመር ይበቃል፤ የምድር ሠራተኛውም ከካፒቴኑ በሬዲዮ ተቀብሎ ሊሞላው ይችላል። ማስረከብ ከሆነ ካፒቴኑ ወይም ያየችው አስተናጋጅ ቃል ሳይሰጡ ሰው ወደ ጣቢያ አይሂድ፤ አውሮፕላኑ መነሣቱ ግድ ከሆነም መድረሻው ላይ ቃላቸው ተወስዶ በዚያው ቀን ይላክ። ካልተላከ ሰውየው ይለቀቅ። የቅጹ አንድ ቅጂ ለወረደው ሰው ይሰጥ። አብሮት የሚጓዝ ሕፃን፣ ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ ካለ፣ መድኃኒትም ካለ፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ይጠየቅ።

ለኮምቦልቻና ለላሊበላ ደግሞ አብራሪዎች፣ የማማ ባለሙያዎች፣ የማረፊያው ጥበቃና ሁለቱም ፖሊሶች አንድ ላይ የሚቀመጡበት ልምምድ ይዘጋጅ። ካፒቴን ውረድ ሲልና ፖሊስ ቁም ሲል ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ እንኳ ያለ ተሳፋሪ ይሞክሩት።

መልሳችሁን ለእኔ በግል አትላኩልኝ። በሁለቱ ማረፊያዎች ተርሚናል መግቢያ ላይ፣ በየጣቢያዎቹም ተረኛው በሚቀመጥበት ክፍል ለጥፉት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ደሴ ላይ በጥብቅና ሥራ የሚተዳደር